የማሽን ዶክተሩ መሐላ

ኬክ ቤቱ ከመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ፊት ለፊት ነው። የሠልጣኞቹ ጉልበት መሪ ከመያዛቸው በፊት ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ወደ ኬክ ቤቱ ጎራ ይላሉ፤ አንድ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ከኬኩም ቆረስ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ድፍረት ሰብስበው ይወጣሉ። ኬክ ሠሪዋ «እግዜር ፍሬንን የፈጠረው ለእኔ እንጀራ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ወረፋው በር ድረስ በደረሰበት ሰዓት፣ የቡና ማሽኑ ሞተ። ሞቱም የዋዛ አልነበረም። መጀመሪያ አጓራ። ቀጥሎ እንደ አሮጌ አጫሽ ይስል ጀመር። በመጨረሻ በእንፋሎቱ ቱቦ ቡናማ ውሃ ተፍቶ የአንዱን አሠልጣኝ ነጭ ሸሚዝ አበላሸና ጸጥ አለ። ጠጋኝ ተጠራ። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፣ መልሶ ከደነው፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» አላት።

አማቷ ይሄን ሁሉ ከጥግ ጠረጴዛቸው ሆነው ይከታተሉ ነበር። ሴትዮዋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው ኦፕሬተር ሽቦ ሰክታ ስታገናኘው በነበረበት ዘመን። በዚህ የተነሳ ሠፈሩ «ሴንትራል» ይላቸዋል። የሰው ፊት ይረሳሉ፣ ስምም ያምታታሉ። ድምፅ ግን አንዴ ከሰሙ አለቀ፤ እስከ መቃብር ይዘውት ይሄዳሉ።

ልጃቸው፣ ማለትም የኬክ ሠሪዋ ባል፣ መሬት ቀያሽ ነው። ሥራው ርቆ ይወስደዋል፣ ወራትም ያስቆየዋል። እሱ ሲሄድ ምራትና አማት ብቻቸውን ይቀራሉ። አይጣሉም። ቢጣሉ ሳይሻል አይቀርም ነበር። በመካከላቸው የነበረው ጨዋነት ነው፤ «እንዴት አደሩ እማማ?»፣ «ደህና፣ ልጄ»፣ «ሻይ ላምጣልዎት?»፣ «አትቸገሪ»። ጥርስ ተነክሶ የሚወጣ ጨዋነት፣ ከስድብ በላይ ያደክማል።

አዲስ ማሽን መግዛት የማይታሰብ ነበር፤ ዋጋው እንኳን ሊከፍሉት ሲሰሙትም ያማል። ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ያገለገሉ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ። አሮጌ ማሽን ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ አሳምሮ ይሸጣል። ዶክተር ይሉታል። ዓይንሽን ገልጠሽ ግቢ፤ ምላሱ ማር ነው» አላት።

ለመሄድ ሽርጧን ስትፈታ ሴንትራልን ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«እኔም እመጣለሁ።»

«እማማ፣ ፀሐዩ አይቻልም፤ እርስዎ እዚሁ ይረፉ።»

«ፀሐይን ዛሬ አይደለም የማውቃት።»

«ማለቴ... ስለ ማሽን ያውቃሉ እንዴ?»

«ስለ ማሽን አላውቅም። ስለ ሻጭ ግን አውቃለሁ።»

ምን ትበል? አብረው ሄዱ።

የዶክተሩ መጋዘን ረጅምና ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው። ማሽኖቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ ነጭ አንሶላ ለብሰው፣ ልክ እንደ ሆስፒታል ክፍል አስመስሎታል። ሰውየውም አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚላጭ፣ ፈገግታው በር ላይ የሚቀበል ዓይነት ነው። ነጭ ጋዋን ለብሷል። አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል፤ እውነተኛ የሐኪም ማዳመጫ።

«ኧረ እማማ፣ እግርዎን ቀስ አድርገው» አላቸው ሲገቡ። «ያቺ ገና ትናንት ከኦፕራሲዮን የወጣች ናት። ዕረፍት ትፈልጋለች።»

ኬክ ሠሪዋ ባለ ሁለት እጅ ማሽን እንደምትፈልግ ነገረችው፤ አንዱ ቡናውን ሲያወጣ ሌላው እንዲሞላ፣ ወረፋ እንዳይቆም። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀና ወደ መሐል ወስዷት አንዱን አንሶላ እንደ አስማተኛ ገፈፈው። ማሽኗ ታብረቀርቃለች። ሴንትራል በጎኗ ላይ ፊታቸውን አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይቺ» አለ ዶክተሩ፣ ማዳመጫውን ፓምፗ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኖ ካዳመጠ በኋላ፣ «ልቧ እንደ ኮረዳ ልብ ነው። ቦይለሯ፣ ውሃ ማፍሊያዋ፣ አዲስ ነው። እናቴ ትሙት!»

«የት ነበረች ቀድሞ?»

«አንድ ሆቴል። ሆቴሉም እንግዳ አልነበረውም፤ አንዲት ቀን በወጉ ሳትሠራ ነው የተዘጋው። እናቴ ትሙት!»

«ውሃ አታፈስስም?»

«እሷ? ጠብታ ካየሽ እናቴን ይንሳኝ!»

በመስኮቱ ሥር ደግሞ አንሶላ ያልለበሰች ሌላ ባለ ሁለት እጅ ማሽን ነበረች። ቀለሟ ደብዝዟል፣ በጎኗ ላይ ረጅም ጭረት አለ፣ አናቷ ላይ ሲኒዎች ተደርድረው ይሞቃሉ። ዶክተሩ ለሁለቱም ከእሷ ቡና ቀድቶ አቀረበላቸው። ኬክ ሠሪዋ አንዴ ፉት አለችና ሲኒውን ትኩር ብላ አየችው። እንደዚያ ያለ ቡና ከጠጣች ቆይታለች።

«ይቺንስ አትሸጣትም?»

ሰውየው የመጀመሪያ ልጁን እንደጠየቁት ሁሉ ደነገጠ። «እሷ አትሸጥም። የግሌ ናት።»

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አይቶ ጀርባውን ሰጣቸው፤ ነገር ግን ከስልኩ የወጣው የሴት ድምፅ ቆርቆሮውን የሚያነቃንቅ ስለነበር መደበቅ አልተቻለም።

«አቤት እማዬ... በልቻለሁ። እውነቴን ነው እማዬ፣ ምሳ በል...»

«ጠብቅ! እኔ ስናገር ጠብቅ!» አለ ስልኩ።

ሴንትራል ሲኒያቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። አንገታቸው ልክ የማቀዝቀዣ በር ሲከፈት እንደሰማች ድመት ወደ ድምፁ ዞረ። ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ በለዘበ አንደበት ጠየቁት፤

«እናትህ ደህና ናቸው፣ ልጄ?»

«በጣም ደህና ናት እማማ፣ ተመስገን።»

«ተመስገን። እኔማ በዚህ አያያዝህ ትሰነብታለች ብዬም አላሰብኩ።»

ዶክተሩ ነገሩ አልገባውም፤ ደንበኛ ሲቀልድ መሳቅ ግን ልማዱ ነውና ሳቀ። ያን ያህል ያወደሳትን ማሽን አብርቶ አሞቃት፣ ቡና አወጣባት፤ ደህና ወጣ። ኬክ ሠሪዋ ተከራከረች፣ እሱም እናቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምሮ ቀበራት፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ማሽኗ ተጭና ሄደች።

ወደ ቤት ሲመለሱ በታክሲው ውስጥ ሴንትራል በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ «ዋጋው ላይ አልዋሸሽም። ቦይለሩ ላይ ግን ድምፁ ቀጠነ» አሉ።

«ምን?»

«ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል። ቦይለሩ ላይ ቀጠነ። ውሃው ላይማ ክር ሆነ።»

ኬክ ሠሪዋ ቦርሳዋን ጭምቅ አደረገችው። «ታዲያ እማማ፣ ሳልከፍል ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ኬክ ሠሪዋ ከታክሲው ስትወርድ በሩን ጠርቅማ ዘጋችው።

ማሽኗ መጀመሪያ ላይ እንደ ሙሽራ ነበረች፤ ሠልጣኞቹ ፎቶ ተነሡባት። ኬክ ሠሪዋም በየጠዋቱ አማቷን በጎን እያየች «አዩ?» የማለት ያህል እጇን በማሽኗ ላይ ታሳርፍ ነበር። ሴንትራል ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግራ እጇ ማንጠባጠብ ጀመረ። ቀጥሎ ቀኙ። እንፋሎቷ ወተት ከማሞቅ ይልቅ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ውጭ ድረስ ስለሚሰማ አንድ ሠልጣኝ የትራፊክ ፖሊስ መስሎት መኪናውን መንገድ መሐል አቆመ። ቡናውም ሌላ ጣዕም አመጣ። አንዱ አሠልጣኝ አንዴ ቀምሶ ሲኒውን አስቀመጠና፣ «እህቴ፣ ይሄ ማኪያቶ ነው ወይስ የራዲያተር ውሃ?» ብሎ ጠየቃት። በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ታችኛው ሱቅ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ አየችው።

ዶክተሩ ጋ ደወለች። መጀመሪያ «ውሃችሁ ነው» አላት። በሌላ ቀን «መብራታችሁ ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ማሽኗ አዲስ ሰው ስለሆናችሁባት ነው፤ ትለምዳችኋለች። እናቴ ትሙት፣ ትለምዳለች!» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ኬክ ሠሪዋ ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ብዙም አይደለም፤ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ ልትወጣ ስትል ሴንትራል ከፊቷ ቆመዋል። ከባንኮኒው ወዲህ አልፈው ሲመጡ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። ከኪሳቸው ንጹሕ መሐረብ አውጥተው ሰጧት።

«የሰውየውን እናት አውቃታለሁ» አሉ።

«የትኛውን ሰውዬ?»

«የዚያን ነፍሰ ገዳይ። በስልኩ ስትጮህበት ወዲያው ነው ያወቅኳት። ስልክ ማዞሪያ ቤት ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። መስመር የሚጠይቃትን ሁሉ 'ይጠብቁ!' ብላ ስትጮህበት ሰው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ነበር። አለቆቹም ሳይቀሩ ይፈሯታል። 'እትዬ ይጠብቁ' ነበር ስሟ።»

ኬክ ሠሪዋ መሐረቡን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «አሁንም ስላልጠየቅኩዎት ነው ዝም ያሉት?»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ። «አይደለም። ማሽኗ ትሠራ እንደሆነ ብዬ ነው። የሰውን ልጅ ከእናቱ ጋር ማጣላት ቀላል አይደለም።» ከዚያ ቀና አሉ። «አሁን ግን ይጣሉ።»

ሴንትራል ከሰዓት በኋላውን ስልክ ላይ ዋሉ። አንዷ የቀድሞ ኦፕሬተር ለሌላዋ አቀበለቻቸው፣ ሌላዋም ለሌላዋ፤ እያንዳንዷ ስለ ጉልበቷ ሕመም ካወራች በኋላ ነው መስመሩን የምታሳልፈው። ኬክ ሠሪዋ ሻይ እያመላለሰች ስታዳምጥ ቆይታ ሳታስበው ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እትዬ ይጠብቁ ተገኙ፤ በማግስቱም ኬክ ሊበሉ መጡ።

አጥንታቸው ትልልቅ፣ ድምፃቸው ከአጥንታቸውም የሚበልጥ ሴት ናቸው። «ደህና ዋላችሁ!» ሲሉ ማንኪያዎቹ ተንጫጩ። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው፣ ተሳስመው፣ ማን እንደሞተና ማን በሕይወት እንዳለ ተነጋግረው ሲጨርሱ ሴንትራል ነገሩን ዘረገፉት።

እትዬ ይጠብቁ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ልጄ ነገር ያሳምራል፤ ይሄን አልክድም። አንድ ሁለት ነገርም ይሸፋፍን ይሆናል፣ ነጋዴ ነው። በእኔ ሞት ግን አይምልም። ራሴን ሲያመኝ እንኳን የሚያለቅሰው እሱ ነው።»

«እየማለ ነው የሸጠልን።»

«አላምንም።»

«በጆሮሽ ብትሰሚስ?»

«በጆሮዬ ከሰማሁማ...» አሉ እትዬ ይጠብቁ። ነገሩን አልጨረሱትም፤ የቀረውን ኬክ ግን በሁለት ጉርሻ ጨረሱት።

ዶክተሩን ለማምጣት ማጥመጃ አስፈለገ፤ ማጥመጃውም ሌላ ደንበኛ ነው። ዶክተሩ በማያውቀው የስልክ ቁጥር ደውላ መዋሸት የኬክ ሠሪዋ ድርሻ ሆነ፤ መዋሸት ግን አትችልበትም። ሴንትራል ፊት ለፊቷ ተቀምጠው አሠለጠኗት።

«'አማቴ እንደዚችው ያለ ማሽን ለእህታቸው ልጅ ሊገዙ ነው' በይ።»

«አማቴ እንደዚችው ያለ...»

«ቀጠነ! ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከሆድሽ አውጪው።»

«አማቴ እንደዚችው...»

«አሁን ደግሞ ወፈረ፤ ለቀበሌ ስብሰባ የሚጠራ ሰው አስመሰልሽው። አየሽ፣ ውሸት ስትዋሺ ስለ ሌላ ነገር አስቢ። ስለ ልጄ አስቢ።»

«ስለ እሱ ባስብማ እናደዳለሁ፤ ሲሄድ ቧንቧውን ሳይሠራልኝ ነው የሄደው።»

«ተናደጂ! ለድምፅ ጥሩ ነው!»

ኬክ ሠሪዋ ሳቀች። ሴንትራልም ሳቁ። እትዬ ይጠብቁ «ጸጥታ!» ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱት ሁለቱ ይበልጥ ፈነዱ፤ ስልኩም የተደወለው እንባቸውን ከጠራረጉ በኋላ ነው። ዶክተሩ «አሁኑኑ» አለ።

እውነትም ብዙ አልቆየም። ጋዋኑን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በሩ ላይ ፈገግ ብሎ ቆመ። በዚያን ሰዓት እናቱ ከባንኮኒው ሥር፣ ከማሽኗ ጀርባ፣ በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት አራት ሠልጣኞች ከዚያ ወዲህ ተራቸውን እየጠበቁ ኬክ ይበላሉ።

«እማማ! የእህትዎ ልጅ ካፌ ሊከፍት ነው አሉኝ፤ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ሊከፍት ነበር» አሉ ሴንትራል። «እኔ ግን ፈራሁ። ይቺ ማሽን ውሃ ታፈስሳለች ይላሉ።»

ዶክተሩ የሚንጠባጠበውን እጅ አየና በጣቱ ጠረግ አደረገው። «ላብ ነው እማማ! ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያልበዋል።»

«ፉጨቷስ?»

«ደስታ ነው።»

«በዚያ መሐል የሚገባው ላስቲክ፣ ጓርኒሲዮን የምትሉት፣ አሮጌ ነው የሚል ሰምቻለሁ።»

«ከፋብሪካው የመጣ አዲስ ነው። እናቴ ትሙት!»

ከባንኮኒው ሥር ምንም አልተሰማም። ኬክ ሠሪዋ ትሪውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እትዬ ይጠብቁ አንቀላፍተው ይሆን? ወይስ እንዲህ ያለውን ይቅር ማለታቸው ነው? ሴንትራል ግን ቸኩለው አያውቁም። ራሳቸውን ወዘወዙ።

«አይ ልጄ። ይሄ መሐላ ቀለለኝ። የዘንድሮ ሰው እናቱን ከአፉ አውጥቶ መጣል ለምዷል። ቦይለሩ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ካልነገርከኝ እተወዋለሁ።»

ዶክተሩ ሽያጩ ከእጁ ሲያመልጥ ታየው። ጋዋኑን አስተካከለ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው አነሳ፣ ሠልጣኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ፣ «እንግዲያውስ እማማ፣ የዚች ማሽን ቦይለር አዲስ ካልሆነ፣ እናቴን ዛሬውኑ፣ በዚህ በገዛ እጄ ልቅበራት!» አለ።

«በስንት ሰዓት ነው ቀብሩ?» አለ ከማሽኗ ጀርባ የመጣ ድምፅ። «ልብሴን ልቀይር።»

የዶክተሩ እጅ ከተነሳበት አልወረደም። እትዬ ይጠብቁ ባንኮኒውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ መጀመሪያ ሻሻቸው፣ ቀጥሎ ግንባራቸው፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ብቅ አለ። ያ ዓይን ከቀሪው ሁሉ የከፋ ነበር።

«እ... እማዬ?»

«ጠብቅ! እኔ ስናገር ጠብቅ!» ሠልጣኞቹ ሳያውቁት ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ስንቴ ነው የገደልከኝ?»

«እኔ ቆጥሬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ» አሉ ሴንትራል፣ ለመርዳት ያህል።

«ለካ! ጠዋት ጠዋት ወገቤን ሲቆረጥመኝ፣ እርጅና ነው እያልኩ ቅባት ስቀባ! ለካ አንተ ነህ! አንተ እዚያ ማሽን ስትሸጥ እኔ እዚህ እቆረጠማለሁ!»

«እማዬ፣ ለንግድ ያህል ነው እንጂ ከልቤ አይደለም...»

«መማል ካማረህ በአባትህ አትምልም?»

ዶክተሩ እጁን አወረደ። በእውነት ግራ ገብቶት፣ «አባቴማ ሞቷል፤ ማን ያምነኛል?» አለ።

አንዱ ሠልጣኝ ኬኩ ትን አለው። ቀሪዎቹ መሳቁ ነውር መስሏቸው ፊታቸውን በሲኒ ሸፈኑ። ኬክ ሠሪዋ ወደ ማቀዝቀዣው ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ይጠብቁ ብቻ አልሳቁም።

«ክፈታት» አሉ።

ዶክተሩ መፍቻውን አውጥቶ ማሽኗን ፈታት። ያ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ሲነሳ ጉዱ ወጣ። ቦይለሯ በውጭ በኩል ተወልውሎ በውስጥ በኩል እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የጠነከረ ነጭ ዝቃጭ ጋግሯል። ጓርኒሲዮን የተባለውም ከአሮጌ የመኪና ጎማ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ የጎማው ጥርስ ሳይቀር ይታያል። አንደኛው ሠልጣኝ ጠጋ ብሎ አየና፣ «ታዲያ ይቺ ማሽን ሳይሆን ተሽከርካሪ ናት፤ ያለ መንጃ ፈቃድ እንዴት ነዳችኋት?» አለ። ያኔ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እትዬ ይጠብቁም ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መስኮቱ ዞር ማለት ግድ ሆነባቸው።

ሲመለሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያም ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራ። «ልጄ፣ መጋዘንህ ውስጥ ደህና የሆነችው ማሽን የትኛዋ ናት?»

«ሁሉም እማዬ፣ ሁሉም ደህና...»

«በእኔ ሞት?»

ዶክተሩ አፉን ከፈተ። ዘጋው። በዚያች ቅጽበት ስንት ዓመት እንደ ማስቲካ ሲያኝከው የኖረው ቃል እናቱ ዓይኑን እያዩት አልወጣ አለው።

«በመስኮቱ ሥር ያለችው ብቻ ናት» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ።

«የምትጠጣባት?»

«እማዬ፣ እሷ የግሌ ናት! አሥር ጊዜ እንድሸጣት ለምነውኛል። ገና ሱቁን ስከፍት ራሴ ከወዳደቀ ብረት የሠራኋት... እሷ የኔ ናት!»

«እኔስ የማን ነኝ?»

የሚያብረቀርቀዋ ማሽን በመጣችበት መኪና ተመለሰች፤ በምትኳ ባለ ጭረቷ መጣች። ዶክተሩ ራሱ ተከላት፣ ራሱ ቧንቧዋን አገናኘ፤ እግረ መንገዱንም ቀያሹ ባል ሳይሠራው የሄደውን ቧንቧ እናቱ «እሱንም» ስላሉት ሠራው። ኬክ ሠሪዋ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ ከመስታወቱ መደርደሪያ ጎን ስትቆም አሮጌ ካፖርት የለበሰች ትመስላለች። ከዚያ አንድ ቡና አወጣች። ወፍራም፣ ወርቃማ አረፋ ያለው፣ ያን ቀን በመጋዘኑ የጠጣችው ዓይነት። አንዱን ለአማቷ ወሰደችላቸው፤ ሌላውን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ከአሁን በኋላ ሳልጠይቅዎትም ይንገሩኝ።»

«ሳትጠይቂኝ ስናገር ደግሞ 'ጣልቃ ገቡ' ትያለሽ።»

«እላለሁ» አለች ኬክ ሠሪዋ። «ግን ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ይሄ መጋረጃ አያምርም» አሉ። ኬክ ሠሪዋ ጣልቃ ገቡ አለች። መጋረጃውም አልተቀየረም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ተጨቃጨቁ፣ ሁለቱም ደስ አላቸው። በዚያ ሳምንት ቀያሹ ከሥራ ቦታው ደውሎ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲል፣ ሚስቱና እናቱ በአንድ ስልክ ላይ ተደርበው «ምንም!» ብለው ሲንከተከቱ ሰማ። ሌሊቱን ሲያስብ አደረ አሉ።

እትዬ ይጠብቁ ደግሞ ወንበራቸውን ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ተተከሉ። ገዢ ሲመጣ አስቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ «ያቺን ተዋት፣ ሆዷ ድንጋይ ነው። ያቺኛዋ ላስቲኳ ይቀየርና ነገ ና።» ዶክተሩ መጀመሪያ ከሰርኩ ብሎ አዘነ። ቆይቶ ግን ሰው ሴትዮዋን ፍለጋ መምጣት ጀመረ፤ እሱም በግዱ ማሽን ጠጋኝ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ኬክ ቤቱ መጣ። ጋዋን አልለበሰም። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ልጁን ከዳረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቅ የሄደ አባት ይመስላል። እንደ ማንም ሰው ወረፋ ያዘ፤ ተራው ሲደርስ ቡና አዘዘ። ዓይኑ ግን ከማሽኗ ላይ አልተነሳም።

«እንዴት ናት?» አለ።

«ደህና ናት» አለች ኬክ ሠሪዋ።

«ጠዋት ጠዋት አትቸኩሉባት። ቀስ ብላ ነው የምትሞቀው።»

«አውቀናታል።»

ቡናውን ቆሞ ጠጣው። ከዚያ አልቻለም፤ በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ አነሳና የእንፋሎት ቱቦዋን ከላይ እስከ ታች ጠረገው፣ የግፊት መለኪያ ሰዓቷን አየ፣ አንዷን ብሎን ትንሽ ጠበቅ አደረጋት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ብመጣ ቅር ይልሻል?»

«ና» አለችው። «ግን ስትወለውላት ከወረፋው ፈንጠር በል፤ የዛሬው ሰው ፈተና አለበት።»

ዶክተሩ ጨርቁን እንደያዘ ወደ ጎን ተጠጋ፤ ከኋላው የቆመውም ሠልጣኝ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ማኪያቶ አዘዘ።